አርፋጁ በሰዓቱ ሲደውል

ሰው የጠበቀው ስልክ ሳይጠራ ሲቀር ይፈራል። ቁልፍ ሠሪውን ግን ያስፈራው መጥራቱ ነበር።

ጠዋት የሱቁን መዝጊያ ገፍቶ፣ የትናንቱን የብረት ብናኝ ከሞርሳው ላይ በጨርቅ ጠርጎ፣ ራዲዮኑን ከፈተ። የዜናው መክፈቻ ጡሩምባ ገና «ጡ» ከማለቱ ስልኩ የመስታወት ሳጥኑ ላይ ተንዘፈዘፈ። አንዴ ጠርቶ ዝም አለ። አርፋጁ ነው። ትናንትም ጡሩምባው ላይ ነው የደወለው፤ ከትናንት በስቲያም፤ ከዚያ በፊትም። ቁልፍ ሠሪው ሞረዱን በእጁ እንደያዘ፣ ያላዘዘውን ዕቃ ደጁ ላይ ጥለውለት እንደሄዱ ሰው ስልኩን ቆሞ አየው።

ነገሩን ከሥሩ ማውራት ይሻላል።

እነዚህ ሰዎች አንድ ክፍል የተማሩ፣ የኋላውን ወንበር እንደ ርስት የያዙ ሰባት ጓደኛሞች ነበሩ። አደጉ፣ ተዳሩ፣ ወለዱ፤ ልጆቻቸው ደግሞ ክንፍ ሲያወጡ በየአቅጣጫው በረሩ። ከዕለታት አንድ ቀን ከሰባቱ ረጅሙ፣ በቁመቱ «ሰንደቅ» የሚሉት፣ ብቻውን በሚኖርበት ቤት ሞተ። ሞቶም ሰነበተ። ጎረቤት በሩን የሰበረው በአፍንጫው ተመርቶ ነው። ከቀብሩ ሲመለሱ የቀሩት ስድስቱ አንድ ሻይ ቤት ገቡና ሻይ ሳይጠጡ ሻይ አቀዘቀዙ። እንዲህ መሞት ለማናችንም አይገባም ተባባሉ። ያን ቀን ደንብ ወጣ።

ደንቡ ቀላል ነው። በየጠዋቱ አንዱ ለአንዱ ሚስኮል ያደርጋል። ደውል፣ አንዴ ይጥራ፣ ዝጋ። የተደወለለት ለሚቀጥለው ይደውላል፤ እንዲህ እያለ ዞሮ መጀመሪያ የደወለው ጋ ይደርሳል። ዞሮ ከመጣ ሁሉም አድሯል ማለት ነው። ስልክ ማንሳት ክልክል ነው፤ ያነሳ «ድረሱልኝ» እንዳለ ይቆጠራል። የየቤቱ ቁልፍ ግልባጭ ደግሞ ቁልፍ ሠሪው ሱቅ፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ፣ በየሚስማሩ ተሰቀለ። ጥሪው ከቀረ ቁልፉ ይወርዳል።

ሰው በሞተ ቁጥር ሰንሰለቱ አንድ ቀለበት እያጠረ ሄደ። አሁን ሦስት ቀርተዋል። አርፋጁ ለቁልፍ ሠሪው ይደውላል፣ ቁልፍ ሠሪው ለአዋላጇ፣ አዋላጇ ለአርፋጁ።

አርፋጁ ስሙን ያገኘው በሐቅ ነው። ሌላው ልጅ የትምህርት ቤቱን ደወል ሲሰማ ይሮጣል፤ እሱ ደወሉን ሲሰማ ነው ፊቱን የሚታጠበው። በሩ ሲዘጋበት፣ የዛሬው ቁልፍ ሠሪ በጠማማ ሽቦ ከውስጥ ይከፍትለት ነበር፤ ሙያውን የጀመረው እዚያ በር ላይ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። አርፋጁ ለገዛ ሠርጉ አርፍዷል። አዋላጇ እንዲያውም «ከእናቱ ሆድም የወጣው ጎትተውት ነው፤ የወሊድ ማኅደሩን ባላየውም እንደሙያዬ እመሰክራለሁ» ትላለች። ጠዋት ሲደውልም ያው ነበር፤ አንዳንዴ ፀሐይ የሱቁን ደፍ ስትረግጥ፣ አንዳንዴ ቁልፍ ሠሪው ምሳውን ሲፈታ። እስኪደውል ድረስ ቁልፍ ሠሪው ስልኩን እያነሳ ያየው ነበር። ሲደውል «አንተ የማትረባ!» ይለዋል፣ ለብቻው፣ ከአንጀቱ ደስ ብሎት።

እንግዲህ ይኼ ሰው ነው በጡሩምባ መደወል የጀመረው።

ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ሠሪው ለአዋላጇ ደወለላት፤ የወሬ ስልክ ከሰዓት ይፈቀዳል።

«አንቺ፣ አርፋጁ ሰው ሆነልሽ።»

«የኛው?»

«የኛው። ከዜናው ጋር እኩል ይደውላል። አንድ ቀን ሳያዛንፍ።»

«ውይ፣ ሊሞት ነው እንዴ? ሰው ሊሞት ሲል ጠባዩን ይለውጣል ሲሉ እሰማለሁ» አለችና ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። «ክፉ አትናገሪ።»

«እኔ ምን አውቄ? የኔ ሙያ ሲመጡ መቀበል ነው፤ ሲሄዱ መሸኘቱን አልተማርኩም።»

«ቀልዱን ተይውና፣ ድምፁን መቼ ነው የሰማሽው?»

«የማንን?»

«የሱን ነዋ!»

አዋላጇ አሰበች። «አንተ አይደለህ እንዴ ደህና ነው ያልከኝ? ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል ብለህ?»

«እኔ እኮ ከአንቺ ነው የሰማሁት።»

ሁለቱም የአርፋጁን ደህንነት አንዱ ከሌላው ሲቀባበሉ ኖረዋል፤ ከራሱ ከአርፋጁ የሰማ ግን አልነበረም። ጥሪው በየጠዋቱ ይመጣል፣ ታዲያ ማን ተጨንቆ ይጠይቃል?

«እኔም ጠዋት ጠዋት እደውልለታለሁ» አለች አዋላጇ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ይጠራል። ማንም አያነሳም። ደንቡ ነው ብዬ...»

ያን ሌሊት ቁልፍ ሠሪው እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። በማግስቱ ራዲዮኑን ከፍቶ ስልኩን መዳፉ ላይ አስቀመጠ። ዛሬ ዘግይ፣ ብሎ ለመነ፤ ስለፈጠረህ ዛሬ እንኳ አርፍድ። ጡሩምባው ነፋ። ስልኩ መዳፉ ውስጥ እንደ ተያዘ ወፍ ተንዘፈዘፈ።

አነሳው።

«አንተ?»

ከሩቅ የፍሪጅ ማጉረምረም ይሰማል። ሌላ ነገር የለም፤ ሳል የለም፣ ትንፋሽ የለም፣ የልብስ ኮሽታ እንኳ የለም።

«አርፋጅ! እኔ ነኝ፣ አንስቻለሁ እኮ! ስማኝ!»

ፍሪጁ አጉረመረመ። ከዚያ ጥሪው በራሱ ጊዜ ተቋረጠ። የዘጋው ሰው አልነበረም፤ ይህን ቁልፍ ሠሪው በአጥንቱ አወቀው። የደንበኛ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ሰው የሌለበት ቤት ነው የደወለለት። ስንት ጠዋት «ደህና አድሯል» ብሎ ሻዩን የጠጣው፣ ለባዶ ቤት ነው?

ቁልፉን ከሚስማሩ አወረደ። የመሣሪያ ቦርሳውን ሲያነሳ ቁልፏን ልትወስድ የመጣች ሴት በሩ ላይ ገጠመችው።

«አባባ፣ የኔስ?»

«ነገ።»

«ነገ? ዛሬ በረንዳ ላይ ልደር?»

«በረንዳ ላይ ያደረ አይሞትም፣ ልጄ» አላትና ዘግቶ ሄደ። ሴትዮዋ አብዷል ሳትለው አልቀረችም።

ታክሲ ውስጥ ሆኖ ለአዋላጇ ነገራት። «አነሳሁት። ሰው የለም። ነይ።» እሷም አንዴ ብቻ «ወይኔ» አለችና ቀልድ ሳትጨምር ዘጋች። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው፤ አዋላጇ ስትቀልድ እንጂ ስትተው አያውቅም። በመስኮቱ የሚያልፈውን ሱቅና ሰው ሁሉ እያየ አያየውም። በዓይኑ የሚመላለስበት የሰንደቅ በር ነው፤ ያ ጎረቤት አፍንጫውን በክርኑ ሸፍኖ ከቤት ሲወጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቱ። ልጅ ሆኖ ተረት ይመስለው ነበር።

የአርፋጁ ቤት በግቢው መጨረሻ ያለው ክፍል ነው። አንዲት ተከራይ ቧንቧው ሥር ልብስ ታጥባለች። መጋረጃው እስከ ጥግ ተዘግቷል። ቁልፍ ሠሪው አንኳኳ። ዝም። ደግሞ አንኳኳ። ጎንበስ ብሎ በበሩ ሥር አሸተተ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተው፣ የከረመ። ቁልፉን ሊከት ሲል አልገባም። ገልብጦ ሞከረው። አሁንም እምቢ አለ። ያኔ ነው ቁልፉን ትቶ በሩን ያየው፤ አዲስ የቁልፍ ጋን ተገጥሞለታል፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ።

«ምን ፈልገው ነው አባቴ?» አለች ሴትዮዋ፣ የአረፋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«ጓደኛው ነኝ። ይሄን ቁልፍ ማን ቀየረው?»

«ልጃቸው። ሊጠይቃቸው ሲመጣ ሌባ በዝቷል ብሎ አስቀየረው።»

«አይተሽዋል ሰሞኑን?»

«ልጁን?»

«አባትየውን!»

ሴትዮዋ አመነታች። «እኔ እንኳ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባ። ግን ስልካቸው ጠዋት ጠዋት ሲጠራ እሰማለሁ። ያው ደህና ናቸው ብዬ ነው።»

እሷም! ስልኩን ሰምቶ ያልተኛ ሰው የለም ማለት ነው።

ቦርሳውን ከፈተ። በዚህ ዓይነት ቁልፍ ዕድሜውን ፈጅቷል፤ ሌላ ቀን ቢሆን እያፏጨ ይከፍተዋል። ዛሬ ግን ቀጭኗ ብረት ደጋግማ ትስታለች፣ ቀዳዳው ዓይኑ ላይ ሁለት ይሆናል። ላብ ቅንድቡ ላይ ጠብ አለ። ጋኑ ውስጥ የመጀመሪያዋ ጥርስ እሺ ስትል፣ ከውስጥ የወንበር እግር ሲንሸራተት ሰማ።

ብረቱን ሳያወጣ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ።

«አለህ? አንተ፣ አለህ?»

ሴትዮዋም ልብሷን ትታ ቆመች። በሕይወት ካለ ለምን አይመልስም? ከሌለስ ወንበሩን ማን ገፋው? እግሬ አውጪኝ ማለት አማረው። ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በለው ያለው ሰውዬ እንዲህ ያለ በር ላይ ቆሞ አያውቅም። ግን እጁ ሥራውን ለምዶ ኖሮ፣ ጌታው ሲፈራ እሱ ቀጠለ። ጋኑ ዞረ። በሩ ተከፈተ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ከቻርጀሩ ጋር ተጣብቆ ተኝቷል። አንድ እግሩን ከደፉ አሳለፈ።

ከበሩ ኋላ የውሃ ቧንቧ ብረት ከፍ አለ።

«ንቅንቅ እንዳትል! ጭንቅላትህን ነው የምለው! ልጄ ፖሊስ ነው!»

አርፋጁ ነበር። ከስቷል፤ በቢጃማው ላይ ኮት ደርቧል፤ አንድ እግሩ ጫማ አለው፣ ሌላው ባዶ ነው። ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጧል። ዓይኑ ግን፣ ዓይኑ ነው ቁልፍ ሠሪውን ያደረቀው። የኋላው ወንበር ላይ አብሮት የተቀመጠ ሰው፣ የማያውቀውን ሰው በሚያይበት ዓይን ነው የሚያየው።

ከቁልፍ ሠሪው አፍ የወጣው ሞኝ ነገር ነው። «ልጅህ እኮ የባንክ ሠራተኛ ነው።»

ብረቱ ትንሽ ዝቅ አለ። «በምን አወቅክ?»

«ሲቀጠር የደገስከው ምሳ ላይ ነበርኩዋ! አንተ ራስህ አርፍደህ መጥተህ።»

አርፋጁ አፈጠጠ። ከፊቱ ላይ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ፣ እንደ ዛገ በር፣ ተከፈተ። «አንተ... አንተ ነህ እንዴ?» ብረቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ሰው እንዴት ሳያንኳኳ ይገባል?»

«አንኳኳሁ እኮ!»

«ሌባ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«ሌባ ያንኳኳል?»

«የዘንድሮ ሌባ ምን የማያደርገው አለ?» አለ አርፋጁ፤ ሁለቱም ሳቁ፣ ሳቁም ቶሎ አለቀባቸው።

ቁልፍ ሠሪው መጋረጃውን ገለጠ። ምድጃው ላይ ድስት ከሥሩ ከሰል ሆኗል። ሌላ የተቃጠለ ድስት አልጋው ሥር ተደብቋል። ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ስልክህ ጠዋት ይደውላል፤ ሳነሳው ግን የለህም።»

«አንስተኸው ነበር? ተኝቼ ይሆናላ። ስልኩ እኮ በሰዓቱ ራሱ ነው የሚደውለው። የልጅ ልጄ ናት ያስተካከለችው።» አርፋጁ የኮቱን ቁልፍ እያሻሸ ቀጠለ። «መርሳት ጀመርኩ። ደወልኩ ብዬ እተዋለሁ፣ ሳልደውል። አንተ ደግሞ ጥሪው ከቀረ ቁልፍህን ይዘህ ከተፍ ልትል ነው። ይሄን ጉድ ልታይ ነው። ልጄ ከሰማ ደግሞ ቤቱን ዘግቶ እሱ ያለበት ከተማ ይወስደኛል። እዚያ ማን ያውቀኛል? የልጅ ልጄን መደወሉ ያስጨንቀኛል ስላት፣ 'አያቴ ለዚህ ነው የምትጨነቀው?' ብላ ነካ ነካ አደረገችው።»

ወዲያው ደወሉላት። ልጅቷ በደስታ አነሳች። «ሰላም አባባ! አያቴ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ልጄ፣ ይሄ ጠዋት የሚደውለው ነገር...»

«አሪፍ አይደል? እኛም ለጓደኞቻችን እንደዛ ነው የምናደርገው፤ ልደት ሲሆን፣ በዓል ሲሆን ራሱ ይልክልናል። ሰላምታውን እንዳይረሳ ብዬ ነው።»

«ሰላምታ አይደለም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ቁልፍ ሠሪው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ትንፋሽ ነው። አድሬያለሁ ማለት ነው። እሱ... አያትሽ አንድ ነገር ቢሆን፣ ስልኩ እኮ ይደውል ነበር። በማግስቱም። ከዚያም ወዲያ።»

ልጅቷ ስታለቅስ ተሰማ። «አልነገረኝም። ወላሂ አባባ፣ ማንም አልነገረኝም።» እውነቷን ነው። የነገራት የለም፤ ሦስቱ እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይነገርም ብለው ነበር የያዙት። እያነባች የቱን እንደሚነካ መራችው፤ ቁልፍ ሠሪው በወፍራም አውራ ጣቱ ሦስት ጊዜ ስቶ በአራተኛው አጠፋው።

አዋላጇ ጉልበቷን እየተሳደበች ደረሰች። አርፋጁን ስታይ በሩን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትገልጠው ወደ ምላሷ ተመልሳ ነበር። «ሞትክ ብዬ እያለቀስኩ መጥቼ! እንባዬን ማን ይመልስልኛል?» ትርታውን ለካች፣ ድስቱን ፈተገች፣ ዳቦ በሻይ አበላችው። ስትወጣ ግን የቁልፍ ሠሪውን ክርን ያዘች።

«መጀመሪያ 'እህቴ' አለኝ። ቀጥሎ 'ሲስተር' አለኝ። ማን እንደሆንኩ የገባው ዳቦውን ሲጨርስ ነው።»

«ለልጁ እንንገረው?»

«እንነግረዋለን። መቼም መንገሩ አይቀርም። ግን ነገ ራሱ ይደውል፣ በእጁ። እስቲ እንየው።»

በማግስቱ ጡሩምባው ነፋ፤ ስልኩ ጸጥ አለ። ቁልፍ ሠሪው ፈገግ አለ። እሰይ፣ አርፋጁ አረፈደ። የሴትዮዋን ቁልፍ ሞርሳው ላይ አሰረ። ዜናው አለቀ። ፀሐይ ደፉን ረገጠች፣ ወንበሩን አለፈች፣ ግድግዳው ላይ ወጣች። ፈገግታው የት እንደሄደ አላወቀም። የሚሞርደውን ቁልፍ አበላሸው።

አዋላጇ ደወለች፤ የጠዋት ወሬ ክልክል መሆኑን ማንም አላነሳም።

«መጣ?»

«አልመጣም።»

«አርፋጅ አይደል፣ ይመጣል።»

«ይመጣል።»

«ምሳ ሰዓት ድረስ እንኳ...»

«ሱቁን እየዘጋሁ ነው» አላት።

መንገድ ላይ ነበር፣ አስፋልቱን ሊሻገር አንድ እግሩን አውርዶ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲጠራ። አርፋጁ! አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። አላቆመም። ቁልፍ ሠሪው አነሳው።

«ወንድሜ» አለ አርፋጁ፣ በሹክሹክታ። «ድረስልኝ። በሬን ሰው እየሰበረው ነው።»

«ማን? ማነው?»

«አላውቀውም። አንድ ሽማግሌ ነው። ቦርሳ ሙሉ ብረት ይዟል። ቀዳዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ይጎረጉራል፤ ላቡ ሁሉ ይወርዳል። ሌላ ማንን ልጥራ? አንተ ቁልፍ ታውቃለህ።»

ቁልፍ ሠሪው አስፋልቱ መሀል ቆመ። መኪና ጡሩምባውን ነፋበት፣ ሾፌሩ በመስኮት ሰደበው፤ አልሰማም። የትናንቱ ነው። ሌሊቱ ሰውየውን ከአርፋጁ ጭንቅላት ውስጥ ወስዶ፣ ፍርሃቱን ብቻ ትቶለት ሄዷል።

«እኔ እኮ ነኝ» ሊለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሌባው እኔ ነኝ፣ አንተ ሞኝ። ግን ይሄን ካለው፣ አርፋጁ ከእንግዲህ በሩ ሲነካ ለማን ይደውላል?

«በሩን እንዳትከፍት» አለው። «መጣሁ። መንገድ ላይ ነኝ።»

«ስትመጣ አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?»

«እያወራሁህ ነው የምመጣው። አትዝጋው።»

«አንዴ ጠርቶ መዝጋት አልነበር?»

«ዛሬ አትዝጋው። ይሄውልህ፣ አሁን ተሻገርኩ። ዳቦ ቤቱ ጋ ነኝ፤ ሰልፍ አለ። አንዲት ሴት ጃንጥላ ዘርግታለች፣ ዝናብ በሌለበት...»

እርምጃውን ጨመረ። ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ ያየውን ሁሉ እየተናገረ፣ በእያንዳንዱ ቃል መሀል ከወዲያ የሚመጣውን ትንፋሽ እያዳመጠ ሄደ።